ሲካፈሉት የማያንስ

በኤጂያን ባሕር መካከል ባለችው የግሪክ ደሴት በሳንቶሪኒ፣ ኢያ በምትባለው መንደር፣ ከገደሉ ጋር ተጣብቀው የሚታዩት ነጫጭ ቤቶች መጀመሪያ የድሃ ቤቶች ነበሩ። በደሴቲቱ ለጣሪያ የሚሆን እንጨት እንደ ልብ አይገኝም፤ ድንጋይ አስጠርቦ ቤት ማቆምም አቅም ይጠይቃል። ስለዚህ የመርከብ ሠራተኛው እሳተ ገሞራ የተፋውን የጠጠረ አመድ እየፈለፈለ ዋሻ አበጀ፤ ደጁን በኖራ ቀባ፤ ሙቀቱ የማያግለው፣ ብርዱ የማይዘልቀው ማደሪያ ሆነለት። ባለመርከቦቹና ካፒቴኖቹ ከዚያ ከፍ ባለው ስፍራ ላይ ሰፋፊ ቤቶቻቸውን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1956 የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከ50 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ ቤቱን ሁሉ አናጋ፤ ብዙ ነዋሪ ደሴቲቱን ትቶ ወጣ፤ ብዙዎቹ ዋሻዎችም ኦና ቀሩ። ዛሬ እነዚያው ዋሻዎች በበጋ ለአንድ ሌሊት በመቶዎች በሚቆጠር ዩሮ ይከራያሉ። ግድግዳው ያው የአመድ ግድግዳ ነው፤ በበሩ የሚታየውም ባሕር ያው ባሕር ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የማጣት ምልክት የነበረው የማግኘት ምልክት ሆነ።

ይህ መገለባበጥ አንድ የቆየ ጥያቄ ያስነሳል፦ ደስታ የሚገዛ ነገር ነው? ጥያቄውን አየር ላይ ከማንጠልጠል እዚያው ደሴት ላይ ላቁመው። እጅ ያጠረው ሰው፣ ማለትም በርካሹ የመርከብ ቲኬት የተሳፈረ፣ በአውቶቡስ የሚንቀሳቀስ፣ ዳቦና አይብ በፌስታል ይዞ የሚውል ሰው፣ ሳንቶሪኒ ሄዶ የሚያገኘው ደስታ ምን ዓይነት ነው? ከባለጠጋው ማዕድ የወደቀ ፍርፋሪ ነው ወይስ ማዕዱ ራሱ? ስለ ርካሽ ጉዞ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩን የሂሳብ ያደርገዋል፤ የት ቢታደር ይረክሳል፣ በየትኛው ወር ዋጋው ይወርዳል። ሂሳቡን አልንቅም፤ ጥሩ ሂሳብ ብዙ ሰው ካልጠበቀው ቦታ አድርሷል። ነገር ግን ከሂሳቡ ሥር ማንም ሳይመረምረው የሚቀበለው አንድ እምነት አለ፤ ሙሉው ደስታ የከፋዩ ነው፣ ቆጣቢው የሚችለው ጉድለቱን ማቃለል ብቻ ነው የሚል። ይህ እምነት ሐሰት ነው እላለሁ። በዚያ ደሴት ገንዘብ የሚገዛው ውበቱን አይደለም፤ ከሌላ ሰው ተለይቶ የመቀመጥን መብት ነው። ውበቱ ሲካፈሉት የማያንስ ነው። ስለዚህ እጅ ያጠረው ሰው የሚደርሰው ድርሻው ብቻ አይደለም፤ ሙሉው ነው።

ለመሆኑ ሰው ወደዚያ የሚሄደው ምን ሊያይ ነው? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ በደሴቲቱ የፈነዳው እሳተ ገሞራ የሰው ልጅ ከሚያውቃቸው ታላላቅ ፍንዳታዎች አንዱ ነው። የተራራው ሆድ ባዶ ሲቀር አናቱ ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ባሕሩ ገባበት፤ ዛሬ ካልዴራ የሚባለው ሰፊ የውሃ ገበታ ተፈጠረ። ሳይሰምጥ የቀረው ጠርዝ ቀዩን፣ ጥቁሩንና ነጩን ንብርብር እንደ ጥለት እያሳየ፣ በብዙ ቦታ 300 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ገደል ሆኖ ቆመ። ከፊራ ከተማ ተነስቶ በፊሮስቴፋኒና በኢሜሮቪግሊ በኩል እስከ ኢያ የሚዘልቅ የእግር መንገድ አለ፤ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሳይቻኮሉ ቢሄዱት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል። በግራ በኩል ካልዴራው አብዛኛውን መንገድ ሳይሰወር አብሮ ይሄዳል። በር የለውም፤ ቲኬት ቆራጭም የለውም። መንገዱ ሲያልቅ ኢያ ላይ የፈረሰ አሮጌ ምሽግ አለ፤ ዓለም ሁሉ በፎቶግራፍ የሚያውቀው የፀሐይ መጥለቂያ ከዚያ የሚታየው ነው፤ እዚያም መቆም በነፃ ነው። ገንዘብ ከፍሎ መግባት የሚያስፈልገው አንዱ ታላቅ ነገር አክሮቲሪ ነው፤ አርኪዮሎጂስቱ ስፒሪዶን ማሪናቶስ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ከአመድ ሥር ያወጣው የነሐስ ዘመን ከተማ። ለእርሱ ለሚከፈለው ማንም ቆጣቢ ባይሳሳ ደግ ነው፤ ገንዘቡ ቅርስ ይጠብቃል እንጂ ሰውን ከሰው አይለይም።

ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። አንድ እንጀራ ለሁለት ሲቆረስ ለእያንዳንዱ ግማሽ ይደርሰዋል፤ ለአራት ሲሆን ሩብ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ሁለት ሰዎች ቢያዩአት ግማሽ ግማሿን አያዩም። አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ ወንድሙን ስለገደለው ሮሙሉስ ሲጽፍ ይህን ልዩነት አንጥሮ አሳይቷል፤ ሥልጣንን ሲካፈሉት ያንሳልና ወንድማማቾቹ ተጋደሉበት፤ በጎነት ግን በተካፋዮች ብዛት አይጎድልም፣ እንዲያውም ብቻውን ሊይዘው የፈለገ ጭራሽ አያገኘውም ይላል። በስማቸው በሚጠሩት ቅዳሴዎች ለእኛ ምእመናን ቅርብ የሆኑት ሁለቱ አባቶችም በዚሁ ነገር ላይ ቆመዋል። ዮሐንስ አፈወርቅ ፈጣሪ ፀሐዩን፣ አየሩን፣ ውሃውን ለሁሉ እኩል እንዳደረገ፣ ጠብ የሚነሣውም አንዱ ተነሥቶ የጋራውን የግሌ ሲል መሆኑን አስተምሯል። ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ስላሰበው ባለጠጋ ሲሰብክ ባስልዮስ ያቀረበው ምሳሌ ደግሞ የሳንቶሪኒን ገበያ አይቶ የተናገረው ይመስላል፤ ባለጠጋውን ቀድሞ ቲያትር ቤት ገብቶ ተቀምጦ፣ ለሁሉ የተዘጋጀውን ትርኢት የራሴ ነው ብሎ ሌሎች እንዳይገቡ ከሚከለክል ሰው ጋር ያመሳስለዋል። ትርኢቱን ያዘጋጀው ባለጠጋው አይደለም፤ ያለው ጉልበት በር ላይ መቆም ብቻ ነው።

በኢያና በኢሜሮቪግሊ የሚገኙትን ውድ ማረፊያዎች ማስታወቂያ ላስተዋለ፣ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ፎቶግራፉ ላይ መዋኛ ገንዳ አለ፣ ባሕር አለ፣ ሁለት ወንበር አለ፤ ሌላ ሰው የለም። ዋጋ የወጣለት ይኸው የሰው አለመኖር ነው። ባሕሩማ ለማንም የተዘረጋ ነው፤ ከገንዳው በላይ ባለው የሕዝብ መተላለፊያ የቆመ ሰው ያንኑ ባሕር፣ ከፍ ስለሚልም ሰፋ አድርጎ ያየዋል። ይህን ስል ብቸኝነት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ዝምታ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በደሴቲቱ ከፍተኛ ቦታ፣ 567 ሜትር ላይ ባለው የነቢዩ ኤልያስ ተራራ፣ መነኮሳት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ ገዳም ያቆሙት እርሱን ፈልገው ነው። የመነኩሴው ዝምታ ግን በተራራ መውጣት፣ በጾምና በሌሊት መነሣት የተገኘ ነው፤ ሌላውን ሰው ከቦታው በማስለቀቅ አይደለም። ዛሬም ቢሆን ለመንገደኛ ዝምታ የሚገኝበት ሰዓት አለ። ማታ በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚጋፋበት የኢያ መንገድ ንጋት ላይ ጭር ያለ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም፣ ከእንቅልፍ መነሣት ነው። እንዲያውም አንዳንዱ የደሴቲቱ ውበት ለቆጣቢው የቀረበ ነው። ከፒሬየስ ወደብ የሚነሣው ዝግ ያለው መርከብ 8 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ የፈጣኑ ዋጋ ግን የፍጥነቱን ያህል ነው። ዝግ ባለው መርከብ ሰገነት ላይ ንፋስ እየመታው የመጣ ሰው፣ መርከቡ ወደ ካልዴራው ሲገባ ገደሉ ከግራና ከቀኝ ቀስ እያለ ሲነሣ ያያል። በአውሮፕላን በ45 ደቂቃ የደረሰው ይህን አላየም።

ወደ ምግብ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። የሳንቶሪኒ ስመ ጥር ምግብ ፋቫ ይባላል፤ ተፈጭቶ ሳይሆን ተከክቶ፣ እስኪልም ተቀቅሎ፣ የወይራ ዘይትና ሽንኩርት የሚጨመርበት ቢጫ ክክ ነው። የአልጫ ክክ ወጥ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ በመልኩ አይደናገርም። የሚገርመው ግን እህሉ ነው። የሳንቶሪኒ ፋቫ አተር አይደለም፣ ባቄላም አይደለም፤ የእኛው ጓያ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ የዕፅዋት ወገን ይመደባሉ። ዘሩ ከአክሮቲሪ ፍርስራሽ ውስጥ ተገኝቷል፤ ስለዚህ በዚያ አፈር ላይ ቢያንስ ለ3,500 ዓመት ተበልቷል። ዝናብ በሚያንስበት፣ ንፋስ በሚያቃጥለው መሬት የሚበቅል የድሃ እህል ነበር፤ ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት የትውልድ ስፍራ ስም የተጠበቀለት ነው። ትንንሾቹ የሳንቶሪኒ ቲማቲሞችም ያለ መስኖ ሌሊት የሚወርደውን እርጥበት እየጠጡ ያድጋሉ፤ ሥጋ ያጣ ቤት ቲማቲሙን ከዱቄትና ከቅጠል ጋር ለውሶ ጠብሶ ሥጋ አስመስሎ ይበላው ነበር። ይህ ሁሉ አሁን በውድ ምግብ ቤቶች ዝርዝር ላይ ይገኛል፤ ግን ከባሕር ዳር ራቅ ብሎ ባለ ተራ ምግብ ቤት የሚቀርበው ፋቫ ጣዕሙ ያው ነው። ስለ ምላስ እስከሆነ ድረስ ደሴቲቱ ሀብታም ምግብ ኖሯት አታውቅም። ቆጣቢው የሚበላው ደሴቲቱ ራሷ የምትበላውን ነው።

ነገር ግን ጓያን ያነሣ ሰው በዚህ ላይ ሊያቆም አይችልም። በኢትዮጵያ ጓያ ሌላ ትዝታ አለው። ዝናብ ሲጠፋ፣ ሌላው እህል ሁሉ ሲከስም ጓያ ይቀራል፤ ድሃ ገበሬ ለወራት እርሱን ብቻ ሲበላ እግሩ ይሰናከላል፣ ዕድሜ ልኩን በምርኩዝ ይቀራል። ሁለት ዘመዳማ እህሎች፣ አንዱ ለጎብኚ ደስታ፣ አንዱ ለገበሬ ጉዳት። ልዩነቱ የእህሎቹ ብቻ አይደለም፤ ጎብኚው ሌላ መብላት እየቻለ ይበላዋል፣ ገበሬው ግን የሚለውጠው ምግብ የለውም። በክርክሬ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ከባድ ተቃውሞ ይኸው ነው፦ በጥቂቱ መደሰትን ማመስገን የሚያምረው ጥቂቱን በፈቃዱ ለመረጠ ነው፤ ማጣትን በውብ ቋንቋ መሸፈን ድሃውን መበደል ነው። ተቃውሞውን እቀበለዋለሁ። የሚያረጋግጠውም ታሪክ ከሳንቶሪኒ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። ከእርሷ በስተ ምሥራቅ አናፊ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1936 በጀመረው የሜታክሳስ አምባገነናዊ አገዛዝ ዘመን የፖለቲካ እስረኞች ወደዚያ ይጋዙ ነበር። ባሕሩ ያው ባሕር፣ ፀሐይዋም ያችው ፀሐይ ናት፤ ቦታው ግን እስር ቤት ነበር። የራእዩ ዮሐንስም በፍጥሞ የነበረው ለሽርሽር አልነበረም። እንግዲህ ለደስታ እይታ ብቻውን አይበቃም፤ መምጣትና መሄድ በራስ ፈቃድ መሆን አለበት። ስለ አናፊ ግን አንድ ሌላ እውነትም አለ። ግዞተኞቹ ያላቸውን ጥቂት ገንዘብና ስንቅ በአንድ ላይ አድርገው፣ ሥራ ተከፋፍለው፣ አብረው እያበሰሉ ኖረዋል። በማጣት ውስጥ ያቆያቸው ድህነቱ አይደለም፤ መካፈሉ ነው። እኔም የማመሰግነው ድህነትን አይደለም።

ይህን ነገር ከማንም በላይ በጥንቃቄ የመዘነው ፈላስፋ ራሱ የኤጂያን ደሴት ልጅ ነው። ኤፊቆሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ341 በሳሞስ ተወለደ። የሐዋርያት ሥራ አንባቢ በምዕራፍ 17 ላይ ጳውሎስ በአቴና ያገኛቸው ተከታዮቹን ያስታውሳል። ስሙ ከሆድ አምላኪነት ጋር ሲያያዝ ቢኖርም፣ የተራበ ሰው ከዳቦና ከውሃ የሚያገኘው ተድላ ከሁሉ የላቀ መሆኑን ያስተማረ፣ ድግስ ባሰኘው ጊዜ የሚበላው አንዲት ትንሽ ማሰሮ አይብ እንዲልክለት ወዳጁን የለመነ ሰው ነው። ምኞቶችን በሦስት ይከፍላቸዋል፤ ተፈጥሯዊና አስፈላጊ የሆኑ፣ ተፈጥሯዊ ሆነው አስፈላጊ ያልሆኑ፣ ሁለቱንም ያልሆኑና ከባዶ ግምት የመጡ። ባሕር ዳር መቀመጥ፣ በልቶ መጥገብ፣ ከወዳጅ ጋር መጨዋወት ከፊተኞቹ ወገን ናቸው፤ ሌላው ሰው ወደማይደርስበት ሰገነት ተለይቶ መውጣትና መታየት ከመጨረሻው። የመጨረሻው ወገን ጠባዩ ወሰን የለውም፤ ምንጊዜም ከእኔ የበለጠ የተለየ ሰገነት ያለው ሰው አለና። የፊተኛው ግን ይሞላል። ያም ሆኖ ኤፊቆሮስ ለቁጠባም ልክ እንዳለው፣ ልኩን ያላወቀ ቆጣቢ ከአባካኝ እንደማይሻል አሳስቧል። ይህ ማሳሰቢያ በጉዞ ላይ በጣም እውነት ነው። ሁለት ዩሮ ለማትረፍ ቀኑን ሙሉ ዋጋ ሲያነጻጽር የዋለ ሰው ባሕሩን ሳያየው ይመሽበታል፤ ገንዘቡ ባይወጣም ሐሳቡ ወጥቷል። አርስቶትልም ደስተኛ ሕይወት ያለ አንዳንድ ውጫዊ ነገር አይቆምም ብሎ ነበር፤ ለዚህ የሚቃወም መልስ የለኝም። ንጹሕ አልጋ፣ የጠገበ ሆድ፣ የሚራመድ እግር፣ ከሥራ የተፈቀደ ቀን ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሁሉ ውዱ የመጨረሻው ነው። የ4 ሰዓት መንገድ በነፃ ነው የምንለው 4 ሰዓት የራሱ ለሆነ ሰው ነው።

ሌላ ተቃዋሚ ደግሞ ይህ ሁሉ የቀበሮዋ ወይን ነው ይለኛል፤ ያልደረሰችበትን ወይን ጎምዛዛ ነው ብላ የሄደችው ቀበሮ። ተረቱ የኤዞፕ ነው፤ ኤዞፕም ሄሮዶቱስ እንደጻፈው የአንድ የሳሞስ ሰው ባሪያ ነበር፤ ከአጥር ውጭ ሆኖ ማየትን ያውቃል። ቀበሮዋ የሳተችው ግን ጣፋጩን ጎምዛዛ በማለቷ ነው። እኔ የግል ገንዳው ጎምዛዛ ነው አላልኩም፤ በቀትር ሙቀት ደስ ማሰኘቱ አይካድም። ያልኩት ጣፋጩ ነገር ያለው አጥሩ ውስጥ አይደለም ነው። ይህ ስለ ወይኑ ሳይሆን ስለ አጥሩ የቀረበ ክርክር ነው፤ እውነትና ሐሰትነቱም በተናጋሪው ኪስ መጠን አይፈተንም። ከሰገነቱ ላይ ያለውም ሰው ዓይኑን የሚያሳርፈው ገንዳው ላይ አይደለም፤ ለማንም ባልተከለከለው ውሃ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ ተቃውሞ የብዛት ነው። ሲካፈሉት አያንስም ያልከው እይታ በተጨናነቀ ቁጥር ያንሳል፤ ፊት የቆመ የኋላውን ይጋርዳል። ሳንቶሪኒ ስፋቷ 76 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ነዋሪዋ 15 ሺህ ያህል ነው፤ በዓመት ግን ከ3 ሚሊዮን የሚበልጥ ጎብኚ ይመጣባታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በጋ በአንድ ቀን ብቻ 11 ሺህ የሚደርሱ የክሩዝ መርከብ ተሳፋሪዎች ወርደውባታል፤ ከ2025 ጀምሮ ቁጥሩ በቀን ከ8 ሺህ እንዳይበልጥ ገደብ ተደርጎ፣ በበጋው ወራት ለሚወርድ የክሩዝ ተሳፋሪ የ20 ዩሮ ክፍያ ተጥሏል። ይህን አይቶ ዋጋው ይወደድ፣ ኪሱ የሳሳው ይቅር የሚል ወገን አለ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት። በብዛት የሚያንሰው እይታው አይደለም፤ መቆሚያው፣ መንገዱና ውሃው ነው። በደሴቲቱ ወንዝ የለም፤ የጥንቱ ነዋሪ የዝናብ ውሃ በጉድጓድ እያጠራቀመ ይኖር ነበር፤ ዛሬ ጨዋማው የባሕር ውሃ በብዙ ኃይልና ወጪ ተጣርቶ ይጠጣል። ስለዚህ የጋራ ነገርን የሚወድ ሰው የሚያንሰውን ነገር በልክ የመጠቀም ግዴታ አለበት። ዋጋ ግን ይህን ልክ አያስጠብቅም። በዋጋ የተመረጠው ሰው ገንዳ ይፈልጋል፤ ገንዳ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። ለሦስትና ለአራት ሰዓት ወርዶ የሚመለሰው የክሩዝ ተሳፋሪም ድሃ ስለሆነ የመጣ አይደለም። ልኩን የሚጠብቀው ገደብና ትዕግሥት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ፈንታ በሚያዝያ ወይም በጥቅምት መምጣት፣ ከገደሉ ጫፍ ይልቅ በካርቴራዶስ፣ በሜሳሪያ ወይም ጥቁር አሸዋ ባለበት በፔሪሳ ማደር። ቆጣቢው ይህን ለኪሱ ሲል ያደርገዋል፤ ለደሴቲቱም የሚሻላት እርሱ ነው። ሁለቱ መገጣጠማቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ዋጋው የሚወጣው የሚያንሰው ነገር በሚያንስበት ሰዓትና ቦታ ነውና።

ጥቂት የሚያወጣ እንግዳ ለነዋሪው ምን ይጠቅማል? የሚለውም ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። መልሴ እንደ እንግዳው ይወሰናል የሚል ነው። ከቤተሰብ ክፍል ተከራይቶ አምስት ቀን የተቀመጠ፣ ከዳቦ ቤቱ ዳቦ የገዛ፣ በሕዝብ አውቶቡስ የሄደ ሰው ያወጣት ጥቂት ገንዘብ እዚያው ትቀራለች። በአንጻሩ ቤት ሁሉ ለጎብኚ ኪራይ ሲሆን በግሪክ ደሴቶች ላይ የተመደቡ አስተማሪዎችና ሐኪሞች ማደሪያ እስከማጣት ደርሰዋል፤ በዚህ በደል ውስጥ ርካሽ ክፍል ፈላጊውም እጁ አለበት። ከዚህ ነፃ ነው አልልም። እንግድነት በእኛ ባህል ቤት ያፈራውን መቅመስ ነው፤ የቤቱን ልጅ ከአልጋው ማስነሣት ከእንግድነት አልፏል። የጋራ ነገርን የሚያስከብር ሰው ነዋሪውን ቀድሞ ማሰብ አለበት፤ ነዋሪው የደሴቲቱ ጌጥ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚካፈላት ሰው ነው።

ነዋሪዎቹም ይህን የጋራነት በአደባባይ ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በጋ ከሳንቶሪኒ ጥቂት ራቅ ባለችው በፓሮስ ደሴት ሰዎች ፎጣቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዳርቻ ወጡ፤ የኪራይ ወንበርና ጃንጥላ ዳርቻውን ሁሉ ሞልቶት ፎጣ የሚያነጥፉበት መሬት ጠፍቶ ነበር። እንቅስቃሴው በፎጣ ስም ተጠራ፤ ወደ ሌሎች ደሴቶችም ተዛመተ፤ በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ወንበሮቹ ከውሃው እንዲርቁ፣ ነፃ ቦታም እንዲተው የሚያስገድድ ጥብቅ ሕግ አወጣ። የፎጣዎቹ ሰዎች አዲስ ነገር አልጠየቁም። እ.ኤ.አ. በ533 የወጣው የንጉሥ ዮስጢንያኖስ የሕግ መማሪያ አየር፣ የሚፈስ ውሃ፣ ባሕርና ስለ ባሕሩም የባሕሩ ዳርቻ በተፈጥሮ ሕግ ለሰው ሁሉ የጋራ መሆናቸውን ደንግጓል። የዛሬው የግሪክ ሕግም ዳርቻውን የሕዝብ ያደርገዋል።

ለሰው ሁሉ። በአማርኛ ይህን የሚያነብ ሰው እዚህ ቃል ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደዚያ ዳርቻ ለመድረስ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ለቪዛው እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ 90 ዩሮ ይከፍላል፤ ቢከለከል አይመለስለትም። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ውሳኔ ኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሞባቸዋል። ከሁሉም በላይ የባንክ ስቴትመንት ማቅረብ አለበት። እጅ ያጠረው ሰው በሳንቶሪኒ ሙሉውን ደስታ ሊያገኝ ይችላል ብዬ ተከራከርኩ፤ በሩ ላይ ግን መጀመሪያ እጁ እንዳላጠረ እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ኤፊቆሮስ በተወለደባት በሳሞስ እ.ኤ.አ. በ2021 በአጥር የታጠረ የስደተኞች መጠለያ ተከፍቷል፤ በ2015 ብቻ ከ800 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ባሕር በኩል ግሪክ ገብተዋል፤ ሳይደርሱ የቀሩም ብዙ ናቸው። ይህ ተቃውሞ የውበቱን ጠባይ አይለውጠውም፤ ባሕሩ አሁንም ሲካፈሉት አያንስም። ነገር ግን ባስልዮስ ስለ ቲያትሩ የተናገረውን የኢያን ሰገነቶች ብቻ የሚወቅስ አድርጎ ማንበብ ከዚህ በኋላ አይቻልም። በበሩ ላይ የቆሙት የውድ ሆቴል እንግዶች ብቻ አይደሉም፤ በርካሽ ክፍል ያደረው፣ ከምሽጉ ላይ ሆኖ ፀሐይዋን በነፃ የሚያየው የአውሮፓ ወጣትም ሳያውቀው ቀድሞ ከተቀመጡት ወገን ነው። ዛሬ ማታ ያ ወጣት የሚያያት ፀሐይ ከሳሞሱ አጥር ውስጥ ላለው ሰውም ትጠልቃለች፤ በግማሽ ሳይሆን በሙሉ።